ያረጀ የቫልቭ ሬዲዮ በችኮላ አይሰካም

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ ካሉት የቆዩ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ከቡፌው ላይ ዳንቴል የለበሰ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ሊያይ ይችላል። ፊቱ የጣቢያና የከተማ ስሞች የታተሙበት መስታወት ነው፤ ከሥሩ በተርታ የሚጫኑ ቁልፎች አሉት፤ የአንዳንዱ ክዳን ሲነሣ ደግሞ ከውስጡ የሸክላ ማጫወቻ ብቅ ይላል። ገዝቶ ያመጣው አባወራ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት የለም። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ቤት ሲጸዳ ከልጆቹ አንዱ ዳንቴሉን ያነሣና «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ሬዲዮው ሠላሳና አርባ ዓመት ዝም ብሎ በመቀመጡ ከደረሰበት ጉዳት ይልቅ በዚያች አንዲት ደቂቃ የሚደርስበት ይብሳል።

ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ቫልቩ ተቃጥሏል፤ ቫልቩ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል።» ሬዲዮው ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ወይም ቆርቆሮው ለቁራሌው ይሸጥና እንጨቱ መደርደሪያ ይሆናል። ይህ ፍርድ በአብዛኛው ሐሰት ነው። በቫልቭ ሬዲዮ ውስጥ ዕድሜ ብዙም የማያሸንፋቸው ነገሮች ቢኖሩ ቫልቮቹ ናቸው። ጥፋተኞቹ ማንም የማያያቸው፣ የጣት ቁራጭ የማያህሉ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲገባን ከቫልቩ እንነሣ። ቫልቭ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው ማሞቂያ ሽቦ ካቶድ የተባለውን ቀጭን የብረት ቱቦ ያግላል፤ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ዙሪያውን የከበበው ብረት አኖድ ይባላል፤ ከ200 እስከ 300 ቮልት የሚደርስ ፖዘቲቭ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጠው ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል እንደ ጥቅል የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ስሙ ግሪድ ነው። ግሪዱ ላይ ጥቂት ኔጌቲቭ ቮልት ሲጨመር ጅረቱ ይገታል፤ ሲቀነስ ይለቀቃል። በሸዋ ሮቢት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ በአንድ እጁ የቦዩን መዝጊያ ከፍ ዝቅ እያደረገ ማሳውን ሁሉ የሚያረካ ውኃ እንደሚያዝ፣ ከአንቴና የመጣው ደካማ ምልክትም ግሪዱ ላይ ሆኖ ብርቱውን ጅረት ያዛል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ባለ ሁለት አካሉን ቫልቭ በ1904 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ግሪዱን ጨመረበት። ሬዲዮው ከተከፈተ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ድምፅ የማይሰጠው ካቶዶቹ እስኪግሉ ድረስ ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ቫልቩ ላይ የታተመው ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። ፊሊፕስ፣ ቴሌፉንከንና ሙላርድን የመሳሰሉት የአውሮፓ ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት አሰያየም ይከተሉ ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ማሞቂያውን ይመለከታል፦ «ኢ» ከሆነ 6.3 ቮልት፣ «ዲ» ከሆነ 1.4 ቮልት፣ «ዩ» ከሆነ ደግሞ ማሞቂያዎቹ አንዱ ከአንዱ ተከታትለው ተቀጥለው 100 ሚሊአምፔር የሚያልፍባቸው ናቸው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ሥራውን ይገልጻል፦ «ኤፍ» የመካከል አጉሊ፣ «ኤል» ድምፅ ማጉያውን የሚነዳ የመጨረሻ አጉሊ፣ «ዜድ» ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚለውጥ፣ «ኤም» ደግሞ ጣቢያው በደንብ ሲያዝ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ አረንጓዴ ብርሃን የሚያሳየው «ዓይን» ነው። ስለዚህ «ኢኤል 84» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው በ6.3 ቮልት የሚሞቅ የመጨረሻ አጉሊ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። «ዩ» ያየ ሰው ግን እጁን ይሰብስብ፤ ምክንያቱን እንመጣበታለን።

እነዚህ ሬዲዮዎች በየቤቱ የገቡበት ዘመን የራሱ ታሪክ አለው። አገራችን የራሷን የሬዲዮ ጣቢያ አቃቂ ላይ የከፈተችው በ1927 ዓ.ም. ነው። ኋላ ደግሞ የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። መብራት ባልደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች ያገለግሉ የነበሩት በባትሪ የሚሠሩት ናቸው፤ የእነርሱ ቫልቮች በ«ዲ» የሚጀምሩት ሲሆኑ ለማሞቂያ 1.5 ቮልት፣ ለአኖድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቮልት የሚሰጥ ትልቅ ባትሪ ይፈልጋሉ። ያ ባትሪ ዛሬ ባይገኝም ዐሥር ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 90 ቮልት ይሰጣሉ። ነገር ግን የ1.5 ቮልቱን ሽቦ በስሕተት 90ው ላይ የነካ ሰው ሁሉንም ቫልቮች በአንድ ብልጭታ ይገድላቸዋል። እዚህ ላይ ግን «ቫልቩ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ እውነት ይሆናል።

የካፓሲተሮቹ ጉዳይ

አሁን ወደ ጥፋተኞቹ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፤ ትልቅ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሆኖ ከሻንሲው፣ ማለትም ዕቃዎቹ ሁሉ ከተተከሉበት የብረት መደብ፣ ላይ ይቆማል፤ ላዩ ላይ ብዙ ጊዜ «50+50 ማይክሮፋራድ፣ 350 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ሥራው ከተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የተገኘውን ቀጥታ ጅረት ማለስለስ ነው። ውስጡ ያለውን አሉሚኒየም ከሚያሠራው እርጥብ ነገር የሚለየው በጣም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በሥራ ላይ እያለ ራሱን ያድሳል፤ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቀር ግን እየሳሳ ይሄዳል። በድንገት 300 ቮልት ሲመጣበት ጅረቱን መግታት ያቅተዋል፤ ይግላል፤ ይፈላል፤ አንዳንዴም ይፈነዳል። እሱ ብቻውን ቢሞት ባልከፋ፤ ችግሩ «ዜድ» ያልነውን ቫልቭና ዋናውን ትራንስፎርመር አብሮ ይዞ መሄዱ ነው። ካፓሲተሩ በጥቂት ብር ይተካል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ግን እንደገና ካልተጠመጠመ በቀር መድኃኒት የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። በሰም የተነከረ ወረቀትና ስስ ብረት አንድ ላይ ተጠቅልለው የተሠሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች በሻንሲው ሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። ወረቀቱ ውስጥ የቀረ አሲድና ከአየር የተሳበ እርጥበት በጊዜ ብዛት ያበላሻቸዋል፤ ዘግተው መያዝ የሚገባቸውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው የድምፅ አጉሊ አኖድ ወደ መጨረሻው ቫልቭ ግሪድ የሚሻገረውን። በአንድ በኩሉ 100 ቮልት ገደማ አለ፤ በሌላው በኩል ግን ምንም መኖር የለበትም። ጤነኛ ሲሆን የመቋቋም ኃይሉ በሺህ የሚቆጠር ሜጋኦም ነው። አርጅቶ ወደ 10 ሜጋኦም ወርዷል እንበል፤ ግሪዱ ወደ መሬት (ወደ ሻንሲው) የሚመለስበት ሬዚስተር፣ ማለትም ጅረትን የሚገታው ዕቃ፣ ግማሽ ሜጋኦም ቢሆን ግሪዱ ላይ ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ ፖዘቲቭ ይቀመጣል። ኢኤል 84 ደግሞ በአግባቡ እንዲሠራ ግሪዱ ከካቶዱ አንጻር ሲለካ 7 ቮልት ያህል ኔጌቲቭ መሆን አለበት። መዝጊያው ከልክ በላይ ተከፈተ ማለት ነው። ቫልቩ ከአቅሙ በላይ ጅረት ያሳልፋል፤ አኖዱ ሊቀላ ይችላል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ከዚያ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያለችው ትንሿ ትራንስፎርመር ትቃጠላለች። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ግን ከሬዲዮው ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ናት።

ምርመራው ቀላል ነው። ካፓሲተሩ ጤነኛ ከሆነ በቴስተር ከሻንሲው እስከ ግሪዱ እግር (በኢኤል 84 ሁለተኛው እግር ነው) ሲለካ ዜሮ ቮልት መገኘት አለበት። ጥቂትም ቢሆን ፖዘቲቭ ከታየ ካፓሲተሩ መለወጥ አለበት። እኔ ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ፤ ይህቺን አንዷን ሳይለኩ መለወጥ ይሻላል ባይ ነኝ። የምትተካው 630 ቮልት በምትችል ዘመናዊ ባለ ፕላስቲክ ካፓሲተር ነው፤ ከተጣሉ የቴሌቪዥን ሰሌዳዎች ላይ እንኳ ትገኛለች። ሌሎቹን የወረቀት ካፓሲተሮች ቀስ ብሎ አንድ በአንድ መለወጥ ነው። አንድ ተለውጦ ሬዲዮው ይሞከራል፤ ቀጥሎ ሌላው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነቅሎ የዘረገፈ ሰው የትኛው ሽቦ የት እንደነበረ ሲያስታውስ ያመሻል።

ሬዚስተሮችም ያረጃሉ፤ የካርቦኖቹ ከተጻፈባቸው መጠን ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ በአንድ ለክቶ ከ20 በመቶ በላይ የራቀውን መለወጥ ይበቃል።

የማይነካም አለ። ጣቢያው በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ ቢያሰራጭ ሬዲዮው ውስጥ ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ455 እስከ 470 ኪሎኸርዝ መካከል ወዳለ፣ ይለወጣል፤ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ ነው። ይህን ፍሪኩዌንሲ ብቻ እንዲያሳልፉ የተቃኙ ጥቅል ሽቦዎች በትናንሽ የአሉሚኒየም ሳጥኖች ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው ብሎን የሚመስል ነገር አለ። የላላ ብሎን መስሎት ካቻቪቴ አንሥቶ «የሚያጠብቅ» ሰው ሬዲዮውን ያደነቁረዋል፤ መቃኛ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካላገኘ በስተቀር አይመልሰውም። ያረጀ ሬዲዮ ደካማ ሲሆን ምክንያቱ እነዚህ ሳጥኖች የሚሆኑበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

እጅና ኤሌክትሪክ

ቫልቭ ሬዲዮ ይገድላል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ 300 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ያለበት ሳጥን ነው፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ቻርጁን ሊይዝ ይችላል። ሻንሲውን ከእንጨት ሳጥኑ ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ካፓሲተሩን 10 ኪሎኦም ገደማ በሆነና 5 ዋት በሚችል ሬዚስተር ማራገፍ ነው፤ ከዚያም በቴስተር ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ። በካቻቪቴ ኮንታክት አድርጎ ማራገፍ የብዙ ሠራተኞች ልማድ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። ኤሌክትሪኩ በርቶ መለካት የግድ ሲሆን ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጅረት ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ።

አሁን ወደ «ዩ» እንመለስ። በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ቫልቮች ያሉት ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር የለውም፤ ከመብራቱ ሁለት ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይገናኛል። ስፒናው በአንድ አቅጣጫ ከተሰካ ሻንሲው ምንም አይልም፤ ገልብጠው ሲሰኩት ብረቱ ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል። የማዞሪያው ፕላስቲክ ተሰብሮ የብረት ዘንጉ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ጣቢያ የሚፈልገው ልጅ የሚይዘው ያንኑ 220 ነው። የአሜሪካ ትናንሽ ባለ አምስት ቫልቭ ሬዲዮዎችም እንዲሁ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ የማሞቂያዎቻቸው ድምር 120 ቮልት ገደማ ስለሆነ የእኛ 220 ላይ በቀጥታ የተሰኩ እንደሆነ ወዲያውኑ ይቃጠላሉ። ትራንስፎርመር ያላቸው የአውሮፓ ሬዲዮዎች ደግሞ ከጀርባቸው 110፣ 127፣ 220 እየተባለ የሚመረጥበት ትንሽ መቀየሪያ አላቸው፤ ከመሰካት በፊት 220 ላይ መሆኑ ይታይ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው አንድ ርካሽ ዘዴ አለ። 60 ወይም 100 ዋት የሆነ የድሮ ዓይነት አምፖል ከሬዲዮው ጋር ተከታትሎ ይቀጠላል፤ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ በኩል አልፎ ወደ ሬዲዮው ይገባል። ሬዲዮው ውስጥ ኮንታክት ካለ አምፖሉ ሙሉ ብርሃኑን ይሰጣል፤ ሬዲዮው ግን ይተርፋል። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ሲጀምር ብልጭ ይልና ይደበዝዛል። ችግሩ ዛሬ ሱቆቹ የሚሸጡት ኃይል ቆጣቢውን ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ውስጡ የሚግል ሽቦ ያለው አምፖል መሆን አለበት፤ ካልተገኘ ሃሎጅን ያገለግላል። በዚህ አኳኋን ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ፣ ጭስም ጠረንም ካልመጣ፣ ትልቁ ካፓሲተርም በእጅ ጀርባ ከውጭ ሲዳሰስ (ስፒናው ተነቅሎ!) ካልጋለ ወደ ቀጥታው መብራት መሄድ ይቻላል።

ጠረን ካነሣን፦ አንዳንዱ ሬዲዮ በ«ዜድ» ቫልቭ ፈንታ ቅጠል ቅጠል የሚመስል የሴሊኒየም ቁራጭ አለው። ሲቃጠል የበሰበሰ ጎመን የሚመስል ከባድ ሽታ ይሰጣል፤ ሽታው መርዛማ ነው፤ መስኮት ከፍቶ መውጣት ይገባል።

ብርዱ፣ ጭሱና አይጡ

ሰሜን ሸዋ አንድ አየር የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይነጋባታል፤ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ደግሞ ኮቱን ይጥላል። ሬዲዮዎቹም በየደረሱበት የሚታመሙት የተለያየ በሽታ ነው። ቆላ የከረመው ሰሙ ቀልጦ ይገኛል፤ የውስጥ ሽቦዎቹ ጎማ ሽፋን ተሰነጣጥቆ በነካኩት ቁጥር ይረግፋል። ጉም በማይለየው የደብረ ሲና ዳገት የከረመው እርጥበት ጠጥቷል። ደጋ የከረመው ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም አይጥ ሙቀት ፈልጋ የምትገባው እዚያ ነው፤ የድምፅ ማጉያውን ወረቀት፣ የጨርቁን ፊትና የጣቢያ መርፌውን የሚስበውን ክር ትበላለች፤ ሽንቷ ደግሞ ሻንሲውን ያዝገዋል። ቡናው በየቀኑ የሚፈላበት፣ ዕጣኑ የሚጨስበት ቤት ከሆነ ሁሉም ላይ ቡናማ ቅባት ይጋገራል።

የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር የሚንኮሻኮሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመገጣጠሚያ ማጽጃ ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ ጠብ ተደርጎ ደጋግሞ ማዞር ይበቃዋል። የቫልቮቹን እግሮች ነቅሎ መልሶ መሰካትም ብዙ የሚያድን ነገር ነው። ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ አንድ ጥፋት አለ፤ የፊቱን መስታወት ከውስጥ በኩል በሳሙና ማጠብ። «ሮማ፣ ካይሮ፣ ለንደን» የሚሉት ጽሑፎች በመስታወቱ ጀርባ የተቀቡ ስስ ቀለሞች ናቸው፤ በአንድ እርጥብ ጨርቅ ሙልጭ ብለው ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም አይመጡም። የሚጠረገው ከፊት በኩል ነው፤ ከጀርባ በኩል ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ እንኳ በጥንቃቄ ነው።

ሸክላ በራሱ ሲለዋወጥ

የሸክላ ማጫወቻው ሌላ ዓለም ነው። ሬዲዮው የኤሌክትሪክ ጣጣ ሲሆን ይኼኛው የብረትና የግራሶ ጣጣ ነው። ጋራርድና ቢኤስአር በእንግሊዝ፣ ዱዋል በጀርመን የሠሯቸው ማሽኖች ስድስትና ስምንት ሸክላ ዘንጋቸው ላይ ተሸክመው አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሳቸው ይጥሉ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ያለ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት መሆኑ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላው በሚጫወትበት ጊዜ መርፌውን የተሸከመው ክንድ ወደ መሐል የሚቀርበው በጣም በዝግታ ነው፤ በአንድ ዙር የሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል። መጨረሻ ላይ ግን መስመሩ በድንገት ይሰፋል፤ ክንዱ በአንድ ዙር ብዙ ሚሊሜትር ይዘላል። ከክንዱ ሥር በጣም ቀላል የሆነች የብረት ምላስ አለች። ክንዱ በዝግታ ሲሄድ የሳህኑ እምብርት ላይ ያለው ጉብታ በየዙሩ ምላሷን ነካ አድርጎ ወደ ኋላ ይመልሳታል። ክንዱ ሲዘል ግን መመለስ አይደርስለትም፤ ምላሷ ትያዛለች፤ ከሥር ያለው ትልቅ ጥርሳም መዘውር ከሳህኑ ጋር ይጋጠምና አንድ ዙር ይዞራል። በዚያች አንድ ዙር ውስጥ ክንዱን ያነሣል፣ ወደ ውጭ ይወስዳል፣ ከዘንጉ ላይ ቀጣዩን ሸክላ ይገፋል፣ ሸክላው ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑን ይለያል፣ ክንዱን በልኩ መልሶ ያሳርፋል፣ ከዚያም ራሱን ይፈታል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚያስቸግረው ነገር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የደረቀ ግራሶ። ፋብሪካው የቀባው ግራሶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ክንዱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ገና ሲያርፍ ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም መሐል መንገድ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ማንም ሞላ ከመለጠጡ በፊት ግራሶውን ይመልከት። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን የሚለይ ጥሩ ምልክት አለ፤ ማሽኑ ጠዋት እምቢ ብሎ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ሲሞቅ፣ የሚታዘዝ ከሆነ በሽታው ግራሶ ነው። መድኃኒቱ አሮጌውን በላምባ ወይም በንጹሕ አልኮል እስከ ብረቱ ማጽዳትና በአዲስ፣ በጥቂቱ፣ መቀባት ነው። አረቄ አያገለግልም፤ ውኃው ብዙ ነው፤ ለባለሙያው ይቆይ። የምግብ ዘይት ደግሞ ከነአካቴው አይታሰብ፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሙጫ ይሆናል። ያቺ ቀላል ምላስ ግን ምንም ዓይነት ቅባት መንካት የለባትም፤ ደርቃና ነጽታ በራሷ ክብደት የምትወድቅ መሆን አለባት። ብዙ ማሽን የሚበላሸው በጠጋኙ ቸርነት ነው፤ ያየውን ሁሉ ዘይት ያጠጣል።

ሳህኑን የሚያዞረው ጎማም መታየት አለበት። ሞተሩ ዘንግ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ መዘውር አለ፤ ትንሽ የጎማ ጎማ ከአንዱ ደረጃ ላይ ተጠግቶ ሳህኑን ከውስጥ ይገፋል። ጎማው ሲደርቅና ሲያብለጨልጭ ይንሸራተታል፤ በአልኮል ተጠርጎ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ከተሻሸ ይነቃል። ለዓመታት በአንድ ቦታ ተጨቁኖ ከተሰረጎደ ግን በየዙሩ ዱም ዱም ይላል፤ መለወጥ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ፍጥነቱ ራሱ ዘፈኑን ይለውጠዋል። ሸክላ 78፣ 45 ወይም 33⅓ ዙር በደቂቃ ነው የሚዞረው። አገር ውስጥ የታወቁት የ45ቱ ናቸው፤ አምኃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው አብዛኞቹ በዚህ ፍጥነት ይጫወታሉ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት ግን 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ቢያስተካክሉትም ሞተሩ በስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ 45ቱ 37.5 ይሆናል፤ የዘፋኙ ድምፅ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ሰው ሁሉ «ማሽኑ ደክሟል» ብሎ ሞተሩን ያስፈታል፤ የሚያስፈልገው ግን ለ50 ኸርዝ የተሠራ፣ ትንሽ ወፈር ያለ መዘውር ብቻ ነው፤ ቶርኒተሪ ቤት ያስቀረጹት ይሆናል። ፍጥነቱን ለመፈተን መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ወረቀት ሸጉጦ በሰዓት መቁጠር ነው። በአንድ ደቂቃ 45፤ ለ33⅓ ከሆነ በሦስት ደቂቃ መቶ።

መርፌውን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፦ የ78 መርፌ ጫፉ በሦስት እጥፍ ይወፍራል፤ 75 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ33 እና የ45 ግን 25 ገደማ። ብዙዎቹ ማሽኖች ሁለቱንም በአንድ ጭንቅላት ላይ ይዘው በትንሽ እጀታ ይገለብጧቸዋል። በ78ቱ መርፌ 45 ያጫወተ ሰው የሸክላውን መስመር ያርሰዋል። የሰንፔር መርፌ ወደ 50 ሰዓት ገደማ ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ ከቤተሰብ የወረሱት ማሽን መርፌ አልቋል ብለው ይነሡ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ክሪስታል ደግሞ እርጥበት የሚያሟሟው የጨው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ከብዙ ክረምት በኋላ ድምፁ ሲሳሳ ሴራሚክ በሆነ መተካት ነው። የቪኒል ሸክላ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ ሳሙና ይታጠባል። የ78ቱን ግን አልኮል እንዳይነካው፤ የተሠራበት ሙጫ አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

ከተጠገነ በኋላ ምን ይሰማበታል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መካከለኛ ሞገድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይከፈታል፤ ቀን ቀን ሞገዱን የሚውጠው የላይኛው የአየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ የሩቅ ጣቢያዎች ይገባሉ። ኤፍ ኤም ያላቸው የ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀርመን ሬዲዮዎች ብዙ ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይደርሱባቸውም። ኤፍ ኤም ተራራ አይሻገርም፤ ከጣርማ በር ሥር ለተቀመጠ ሰው መካከለኛና አጭር ሞገድ ይሻለዋል። ትልቁ ጠላት ግን ተራራው አይደለም፤ የስልክ ቻርጀርና ኃይል ቆጣቢ አምፖል የሚያመነጩት ጩኸት ነው። እነሱን ነቅሎ መሞከር፣ አንቴናውንም ከቤቱ ውጭ ከፍ አድርጎ መዘርጋት ሬዲዮውን ሌላ ሬዲዮ ያደርገዋል።

የውስጡን ቆርቆሮ አውጥተው ጥለው በቦታው ርካሽ የብሉቱዝ ሰሌዳ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ከሆነ አልከፋም። የሚሠራውን እንዲህ ማድረግ ግን አላስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ከሬዲዮው ጀርባ ለሸክላ ማጫወቻ የተተወ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ የስልክ ድምፅ በዚያ በኩል ገብቶ በቫልቮቹ ተጎልቶ ይወጣል። የስልኩን ግራና ቀኝ ሽቦዎች እያንዳንዳቸውን በአንድ ኪሎኦም ሬዚስተር አሳልፎ ማገናኘት ነው። ቫልቮቹ በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ ግን መካከል ላይ የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ሳይገባ ስልክ አይቀጠልም፤ ያለዚያ 220ው በገመዱ ተጉዞ ስልኩን የያዘው እጅ ላይ ይደርሳል።